ያን ሐሙስ መስመሩ ተይዞ ነበር

ወሬ እንደማያልቅብኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ጅጅጋ ውስጥ «ሙሉ ከጀመረች ሻይህን አስቀድመህ ጠጣ» ይባባላሉ። ይህችን አንዲት ገጠመኝ ግን ከዳር እስከ ዳር ለማንም አውርቻት አላውቅም። ስጀምራት ወሬ እለውጣለሁ። ብጽፋት ይሻል ይሆናል ብዬ ነው አሁን ወደ እናንተ የመጣሁት።

ናዝሬት ተወልጄ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ፣ ባለቤቴ በመምህርነት ጅጅጋ ሲመደብ ተከትዬው የሄድኩ ሴት ነኝ። እዚያ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመርኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ማሽኑን ስገዛ አብሮት የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ፣ መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ ገጽ ለማንበብ ሦስት ቀን እየፈጀብኝ ነው የተማርኩት።

ሞባይል ገና ወደ እኛ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ሲባል ሰው የሚያስበው የእርዳታ ድርጅቶች ግቢ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተተከለውን ትልቅ ሳህን ነበር። የእኛ ቢጤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያየዋል እንጂ አይደርስበትም። እኔ ግን ከዚያ መመሪያ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ኢንተርኔት በተራው የስልክ ሽቦ፣ ሱቄ ግድግዳ ላይ በሚወርደው በዚያው ሽቦ ይመጣል ለካ! ሞደም የምትባል ትንሽ ዕቃ ከድሬዳዋ አስመጣሁ፤ ሰካኋት፤ እንደሚታረድ ዶሮ ጮኸችና ገባች። ሂሳቡ ወደ ውጭ አገር ስልክ ከመደወል እጅግ የረከሰ ነበር። «ሳህን አያስፈልገንም፣ ያለው ሽቦ ይበቃናል» እያልኩ ለሰው ሁሉ ሰበክሁ። ልጅ ጅዳ፣ ባል ለንደን ያለባቸው እናቶች ሱቄን ሞሉት። እኔ እጽፍላቸዋለሁ፣ የመጣላቸውን አነብላቸዋለሁ። ሶማልኛ መስማቱን ገበያ አስተምሮኝ ነበር፤ ማንበቡን በእነሱ ደብዳቤ ተማርኩት።

አንድ እንከን ነበረው። ሽቦው አንድ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲገባበት ስልኩ ይያዛል። ደንበኛው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እየተቀለደበት ነው የሚኖረው።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳት ኤዶ ሳህራ ነበረች። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ለገፋች ሴት ሁሉ እንላለን። ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ጉሌድን ብቻዋን አሳድጋለች። ጉሌድ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ታይፕ ሊለማመድ እኔ ጋ ይመጣ ስለነበር እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር የማየው።

ልጁ ልቡ ባሕር ማዶ ነበር። አንድ ጊዜ ተደብቆ በበረሃ ለመሰደድ፣ እዚያ ታህሪብ የሚሉትን መንገድ ሞክሮ ከድንበር ተመልሷል። ዳግመኛ አልሄድም ብሎ ለእናቱ ቁርኣን ይዞ ማለላት። ከወራት በኋላ ከአልጋው ሥር ሁለት ሸሚዝና አንድ ነጠላ ጫማ የታጨቀባት ቦርሳ አገኘች። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። «ከዚህ ቤት እግርህ ከወጣ፣ የጠጣኸው ወተቴ ሐራም ይሁንብህ» አለችው። እዚያ አገር ከእናት አፍ የሚወጣ ከዚህ የባሰ እርግማን የለም። ሲነጋ ጉሌድ አልጋው ላይ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ኢንተርኔት ስከፍት ከቦሳሶ መልእክት መጥቶ አገኘሁ። ቦሳሶ ሰው በጀልባ ወደ የመን የሚሻገርበት የሶማሊያ ወደብ ነው። የጻፈው ጉሌድ ነው፤ በአንድ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት አድራሻ፣ ፋራህ በሚባል። እንዲህ ይላል፦ «ሙሉ፣ ለእናቴ ንገሪያት። ጀልባው ዛሬ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። እርግማኗን ተሸክሜ ባሕር ላይ አልወጣም። ሂድ ካለችኝ እሄዳለሁ፣ ተመለስ ካለችኝ እመለሳለሁ። ቃሏን እጠብቃለሁ።»

እየሮጥኩ ሄጄ ኤዶ ሳህራን ከጨርቋ መሃል ጠራኋት። ስነግራት ሜትሩን ከእጇ ጣለችው።

«ተመለስ በይው» አለችኝ። «እርግማን የለም በይው። ምላሴ ነው በይው። አሁን ጻፊው፣ አባዮ፣ አሁን።» አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ስትደሰትም ስትጨነቅም እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

ጻፍኩለት። ሰባት ሰዓት ላይ መልስ መጣ። «ሙሉ፣ አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ። ይህን አንቺ እንዳልጻፍሽው በምን አውቃለሁ? እርግማኑ ከአፏ ወጣ፣ የሚመለሰውም ከአፏ ነው። ድምጿን መስማት አለብኝ።»

ሲነበብላት ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው» አለች። «ወረቀት አፍ የለውም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።»

«የሚደወልበት ቁጥር አልላከም እኮ፣ ኤዶ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

እዩልኝ፣ እዚህ ላይ ነው እኔ ብልጥ የሆንኩት። ከመመሪያው መጽሐፍ በዚህ ማሽን ድምፅ መቅዳትም እንደሚቻል አንብቤ ነበር። ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫም ነበረኝ። «ድምፅዎን ቀድቼ በኢንተርኔት እልከዋለሁ» አልኳት። «እዚያው ፋራህ ቤት ቁጭ ብሎ ይሰማዎታል።» ደስታዬ፣ ኩራቴ፣ ዛሬ ሳስታውሰው ያመኛል። ቁጥሩን ላክልን፣ ወይም ድምፅዋ እየመጣልህ ነው ብዬ በሁለት መስመር ልጽፍለት እችል ነበር። አልታሰበኝም። ያለው ሽቦ ይበቃናል ስል የኖርኩ ሴት ምን ያሳስበኛል።

ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረግሁላት። ስልክ ነው ብላ ስለገባት ስትናገር ጮክ አለች።

«ጉሌድ፣ እናትህ ነኝ።» ዝም አለች። እንዲመልስላት እየጠበቀች ነው። «ጤና ነህ?» አሁንም ዝም። «የጠጣኸው ወተት ሐላልህ ነው። ምላሴ ነው ያን የተናገረው፣ ሆዴ አልተናገረም። ሰማኸኝ? ሐላልህ ነው።» ረጅም ዝምታ። «ተመለስ። ባሕሩን ተወው። ሰማያዊ ሸሚዝህን አጥቤዋለሁ፣ ኪሱ ውስጥ ማስቲካ ትተህ የሰው ጨርቅ ሁሉ አጣብቀህብኝ ነበር። ባለጌ። ተመለስ፣ አልቆጣህም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ለምን አይመልስልኝም?» አለችኝ።

«አሁን አይሰማም ኤዶ፣ ኋላ ነው የሚሰማው።»

ዝምታዋም ሁሉ አብሮ ተቀርጿል። ቆርጦ ማውጣት ይቻል እንደነበር፣ ድምፁንም አሳንሶ በአጭር ጊዜ መላክ ይቻል እንደነበር ያወቅሁት ዓመት ቆይቶ ነው። መጽሐፉ ላይ አለ። እዚያ ገጽ አልደረስኩም ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መላክ ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ጉንዳን ትሄዳለች። ኤዶ ሳህራ የስልኩ ጠረጴዛ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛ ታያታለች።

«ይህቺ ናት የኔ ድምፅ?»

«እሷ ናት።»

«ትንሽ ታነክሳለች።»

ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ስቀናል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ፤ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ኤዶ ሳህራ ጓሮ ተጣጥባ ውዱእ አድርጋ ሰግዳ ተመለሰች። መስመሯ ሁለት ሦስተኛውን ሄዳ ነበር። ድንገት ቀጥ አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ተልኮ የነበረው ሁሉ ጠፋ፤ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ወዲያው ዳግም መገናኛውን ተጫንኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት አንዲት አጭር ቅጭልታ ተሰማች።

«ስልክ ነው?» አለች ኤዶ ሳህራ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«የማሽኑ ድምፅ ነው» አልኳት።

ሞደሟ መጮህ ጀመረች። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ያቺ ቅጭልታ ምን እንደነበረች በእርግጠኝነት አላውቅም።

መስመሯ እንደገና ከዜሮ ተነሳች። ጋሽ ተሾመ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፣ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ወረቀት ታቅፎ ገባ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ምነው ሙሉ፣ ጠዋት ከቢሮ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ከምሳ በኋላም ሦስት ጊዜ። ተይዟል፣ ተይዟል። ይኸው በእግሬ መጣሁ።»

«ኢንተርኔት ላይ ነኝ ጋሽ ተሾመ።»

ስክሪኑን አጎንብሶ አየ። «ኢንተርኔትሽ ከደገሀቡር በግመል ነው እንዴ የሚሄደው?»

«ግመል ይደርሳል» አለችው ኤዶ ሳህራ። «አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እሺ እናቴ፣ እኔ ምን አልኩ። አንዲት ስልክ ብቻ ልደውል፣ ለአንድ ደቂቃ አትቋረጥልኝም?»

«ዛሬ ንጉሥም ቢመጣ አትቋረጥም» አልኩት። ወረቀቱን ኮፒ አድርጌ ሸኘሁት።

የመልእክት ሳጥኔን ልክፈት ብዬ አስቤ ነበር። ጉሌድ የሆነ ነገር ጽፎ ይሆናል። ግን ሌላ ገጽ ስከፍት መላኩ ይዘገያል፤ ደግሞ ከተቋረጠስ? ተውኩት። ሰማያዊዋን መስመር ብቻ ሳይ፣ ሳይ፣ ሳይ ዋልኩ።

ፀሐይ መጋረጃው ላይ ቀይ ስትሆን መስመሯ ጥግ ደረሰች። ተልኳል የሚል ጽሑፍ መጣ። ኤዶ ሳህራን አቀፍኳት። መግሪብ ገና አልተባለም ነበር፣ በጅጅጋ። ቦሳሶ ግን ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ እዚያ ከእኛ ቀድማ ትጠልቃለች። ይህንንም አላሰብኩትም።

ሰምቶ እስኪመልስ ብለን አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለት መልእክት አለ። የመጀመሪያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተላከ ነው። «ሙሉ፣ ፋራህ ስልክ ፈቅዶልኛል። አሁን በሱቁ ቁጥር እደውላለሁ። እናቴን ስልኩ አጠገብ አስቀምጫት።»

ሁለተኛው የፋራህ ነው፣ ገና አሁን የገባ። «እህቴ፣ ልጁ ከአስር ሶላት በፊት ጀምሮ እስኪመሽ ሲደውል ዋለ። ሁሌም ተይዟል ይላል። ኢንተርኔት ይህን ያህል አይቆይም፣ እናቴ እንዳታናግረኝ እጀታውን አንስታ አስቀምጣዋለች አለ። እስከ ነገ ቆይ አልኩት። ደላላው ሲጠራቸው ተነስቶ ሄደ። የላክሽው ድምፅ እሱ ከወጣ በኋላ ደረሰ። ሮጬ ወደ ባሕሩ ሄድኩ፤ ጀልባው የለም። ድምፁን ከፍቼ እስከ መሃሉ ሰማሁና ዘጋሁት፤ የእኔ አይደለም።»

ኤዶ ሳህራ ፊቴን እያየች ነበር። «ምን ይላል? ደረሰለት?»

«ደርሷል» አልኳት።

ውሸት አይደለም፣ ድምፁ ደርሷል። አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው። እሷ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አላህን አመሰገነች። ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች።

ለሦስት ቀን የጉሌድን ክፍል ኖራ ስትቀባ ከረመች። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣች። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እየመጣ ነው» ትላለች። ሰማያዊው ሸሚዝ ገመዱ ላይ ይታየኛል፣ በሱቄ በር ላይ ስቆም። በየማለዳው እነግራታለሁ እላለሁ፤ የኖራውን ባልዲ ይዛ ስታልፍ «አባዮ፣ ነገ እንግዳ አለሽ» ስትለኝ ቃሉ አፌ ላይ ይሞታል። ባለቤቴ «ንገሪያት፣ በቆየ ቁጥር ይብሳል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጀልባው ደህና ደርሶ፣ ጉሌድ ከየመን ደውሎ፣ ሁሉም ነገር ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል እጸልያለሁ።

እሁድ ፋራህ ጻፈ። ጀልባው የመን ዳርቻ ሳይደርስ ተገልብጧል። ዋኝተው የወጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አጣርቷል። ጉሌድ የለበትም።

ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። እጇ ኖራ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሳልቀንስ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። አላለቀሰችም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ጠየቀችኝ።

«ከመቼ እስከ መቼ ደወለ?»

«ከአስር ሶላት በፊት ጀምሮ እስኪመሽ።»

«ያን ጊዜ እኔ አንቺ ጋ ነበርኩ?»

«አዎ፣ ኤዶ።»

«ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ።»

«አዎ።»

እጇን ዘርግታ አየችው፣ ያን ቀን ስልኩ የቱ ጋ እንደነበር የምትለካ ይመስል። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው።

«እናቴ አትፈልገኝም ብሎ የቆረጠ ልጅ አንዴ ይደውላል» አለች። «የኔው እስኪመሽ ደወለ።» ይህንን ለእኔ አልተናገረችውም። ለግድግዳው፣ ለአዲሱ ኖራ ነበር።

አልተቆጣችኝም። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ፣ ፀጉሬን ብትነጨው እንዴት በቀለለኝ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄ ገብታ አታውቅም። በፊት ለፊት ስታልፍ ከመንገዱ ማዶ ነው የምትሄደው። ሰላም ስላት በአንገቷ ትመልሳለች። ዓመት ሳይሞላ ጨርቋን ሸጣ ጉናጋዶ ወረዳ፣ ወንድሟ ዘንድ ገባች።

እኔ ኢንተርኔቱን ልዝጋው ብዬ ነበር። ሞደሟን ነቅዬ ሳጥን ውስጥ አስገባኋት። በሳምንቱ አንዲት እናት መጣች፤ ልጇ ከጅዳ ጽፎላት እንደሆነ እንዳነብላት። መሄጃ እንደሌላት ሰው መንገድ ላይ ቆማ ስታየኝ መልሼ ሰካኋት። ምን ላድርግ። ሌላ ማንበቢያ አልነበራቸውም።

አንድ ነገር ግን ለወጥኩ። በየሰዓቱ ለሩብ ሰዓት ኢንተርኔቱን አቋርጣለሁ፤ ስልኩ ባዶውን ይቀመጣል። ደብዳቤው ግማሽ ላይ ቢሆን፣ ፎቶው እየወረደ ቢሆን አቋርጣለሁ። ደንበኛ ያጉረመርማል። «የሙሉ ሶላት ደረሰ» ይላሉ እየተሳሳቁ። ከስልኩ አጠገብ ቁጭ እላለሁ።

እናንተ አሁን ስልኩም ኢንተርኔቱም በኪሳችሁ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይዘጋውም። ደስ ይለኛል። ያንን ሽቦ ግን አልጠላሁትም። ድሃ አገር ያላትን ዕቃ አጥባ፣ ገልብጣ፣ ለሁለት ሥራ ታውላለች፤ ያን ስላደረግሁ አልጸጸትም። የምጸጸተው አንድ ሰው በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ ሊመጣ እንደሚችል ረስቼ ሙሉዋን ለራሴ ብልጠት በመያዜ ነው። «ደርሷል» ባልኩት ቃል ደግሞ ከዚያ ይበልጥ። አንድ እናት ሦስት ቀን ሙሉ ኖራ ስትቀባ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እውነት መናገር ሲያቅታችሁ ያንን ባልዲ አስቡልኝ።

ዓመታት አለፉ። ሞባይል ጅጅጋ ገባ፣ ቀጥሎ ወደ ወረዳዎቹም ደረሰ። ሰው ሁሉ የሽቦ ስልኩን ሲያስነቅል እኔ አላስነቀልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያችው በሩብ ሰዓቷ ዕረፍት ላይ ስልኩ ጠራ። አነሳሁት።

«ሙሉ ጽሕፈት ቤት» አልኩ።

ነፋስ ይሰማል፣ ከኋላ የከብት ገበያ ጫጫታ።

«አባዮ» አለች።

ድምጿን ለመለየት አልተቸገርኩም። ወንበሩን ያዝኩ። «ኤዶ! ኤዶ ሳህራ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ስልክ ወደ እኛም መጣ። የወንድሜ ልጅ ነው የደወለልኝ» አለች። «ሌላ ጉዳይ የለኝም። ይጠራ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ይጠራል ኤዶ።»

«ስንቴ ጠራ?»

«ሁለቴ። በሁለተኛው አነሳሁት።»

ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ሊያለቅስ ያለ ሰው ትንፋሽ አልነበረም፤ ከሩቅ መንገድ ገብቶ ሸክሙን የሚያወርድ ሰው ትንፋሽ ነበር።

«ሃዬ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ዘጋችው።